የከተራ ዕለት ደወል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሲራክ ገብረመድህን፣ ለእኔ ግን እስከ ዛሬም አቡሽ ለሆንከው፤ ሀዋሳ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሲያስነክስህ የነበረው ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያስቆምሃል? ባለቤትህ ኢየሩሳሌም እንዴት ናት? አዶናይና ዮናታንስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? የዓይኗ ነገርስ? በስልክ ስጠይቃት «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ስለምትዘጋብኝ እውነቱን የምሰማው ካንተ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስቶክሆልም መጨለም ጀምራለች፤ ከአረጋውያን ቤት ከሥራዬ ስወጣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ የመንገዱ መብራት በርቷል። ልጄ ሳሌም ሮግስቬድ ካለው ቤቴ ወጥታ ኡፕላንድስ ቬስቢ የራሷን ቤት ተከራይታለች። እሁድ እሁድ በባቡር ትመጣለች፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲሁ እየተግባባን አለን።

አቡሽ፣ ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መስመሩ ሲቆራረጥ ወሬውም ይቆራረጣል። ደግሞም የሚቀመጥ ነገር እንዲሆን ፈለግሁ፤ ልጆችህም ሲያድጉ ያነቡታል።

በአባባ አርባ ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ስለ እሳቸው ሲናገር አንተ ዝም ብለህ ቆየህ። በኋላ ጓሮ ወጥተን ብቻችንን ስንቆም ያልከኝን አልረሳሁትም። «አባባ ሰባት ዓመት በሰው አገር ላም ሲያልቡ ኖረው ተመለሱ። እኔ ስወለድ እንኳ እማዬን በምጥ ትተው ደወል ሊደውሉ ሄደው ነበር። ስለዚያ አገር አንድ ቀን ያላወሩኝ የሚወራ ነገር ስለሌለ ነው» አልከኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። እጅህን ብቻ ያዝኩ። አሁን ግን መልስ አግኝቻለሁ፤ ለማግኘትም እስከዚያችው መንደር ድረስ ሄጃለሁ።

አንተ ከሃስከርቢ፣ ከዚያች የእንግሊዝ መንደር፣ ስትወጣ ሦስት ዓመት ተኩልህ ነበር፤ ልታስታውሳት አትችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አባባ በ1965 ዓ.ም. ስለ ወተት ከብት እርባታ ሊማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። እማዬና እኔ በዓመቱ ተከተልናቸው። ብዙም ሳንቆይ አብዮቱ መጣ፣ ስኮላርሺፑም ተቋረጠ። አብረዋቸው የተማሩ ሁለት ጓደኞቻቸው ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደታሰሩ ሰሙ። ግራ ሲገባቸው፣ በተማሪነታቸው ልምምድ የሠሩበት እርሻ ባለቤት ሚስተር አልደርሰን «እኔ ዘንድ ሥራም ቤትም አለ፤ ኑ» ብለው ጻፉ። እንዲህ ሆነን ነው ሃስከርቢ የገባነው።

መንደሯ አርባ ቤት ብትሞላ ነው። ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩት፣ እኔ ሠላሳ ሁለተኛዋ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ከብበው ፀጉሬን ሲነኩ ቆዩ፤ በሁለተኛው ቀን ጥቁር እንጆሪ የሚለቀምበትን አጥር አሳዩኝ፤ በሦስተኛው ቀን እንደነሱው አፌ ጠቁሮ ቤት ገባሁ። ልጅነት እንዲህ ቀላል ነው። ለእማዬ ግን እንደዚያ አልቀለላትም።

የጎረቤታችን ስም ሚስስ ሆርነር ይባላል፤ ፖስታ ቤትም የሆነውን ያንን ሱቅ የሚይዙ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ገና ዕቃችንን ሳንፈታ ትኩስ የፖም ኬክ በሳህን ይዘው መጡ። እማዬን ታውቃታለህ፣ የሰው ሳህን ባዶውን አትመልስም። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችውን የገብስ ቆሎ ሞልታ መለሰችላቸው። ሚስስ ሆርነር አመስግነው ተቀበሉ። በፀደይ ወራት አንድ ቀን እያዘኑ መጥተው «ያ የአገራችሁ ዘር ጓሮዬ ዘርቼው ምነው አልበቀለም?» አሉ። እማዬ ስተረጉምላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ተቀመጠች። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው አጠገቧ ተቀምጠው ሳቁ። እማዬ በዚያ አገር ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ያ ሳህን ሰባት ዓመት ሙሉ በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለስ አንድ ቀን ባዶውን አልሄደም። እማዬ እንግሊዝኛው ብዙም አልገባላትም፤ እሳቸውም አማርኛ አያውቁም፤ ግን አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ትሰማለች።

አባባ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስተው ላም ያልባሉ። የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ከዘመናዊው ትምህርት በፊትም ጎንደር አምስት ዓመት አቋቋም ተምረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በመንደሯ አልነበረም። ለእርሻው ሠራተኞች «ኢትዮጵያዊው» ናቸው፣ በቃ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም፤ ቀን በቀን ዝምታቸው ሲበዛ ግን አይ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ደዋዮች ይለማመዳሉ። እዚያ አገር ደወሉ እንደኛ አይደለም። ስድስት ደወሎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ይቆማል። ዜማ የላቸውም። በተራ ይጀምሩና ከዚያ ተራቸውን እየተለዋወጡ፣ አንዴ ያለፉበትን ቅደም ተከተል ሳይደግሙ ረጅም ሰዓት ይደውላሉ። ወረቀት የሚባል ነገር አያዩም። አባባ ከእርሻው ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ማዳመጥ ጀመሩ። በዝናብም፣ በብርድም። እማዬ «ሰው ምን ይላል? ሌባ ይመስላቸዋል» ስትላቸው፣ «ተጂቱ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የቃል ትምህርት ነው የሚማሩት። እኛ በጉሮሯችን ያጠናነውን እነሱ በገመድ ያጠኑታል» አሏት። ዓይናቸው ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ።

የደዋዮቹ አለቃ ሚስተር ኮልቤክ የሚባሉ አናጢ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቃል የማያባክኑ ሰው። አንድ ማክሰኞ ደዋዮቹ ሲወጡ አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡና «ይቅርታ፣ ሦስተኛው ደወል ሁለት ጊዜ ዘገየ» አሏቸው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ሦስተኛውን የምደውለው እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ። እማዬ ይህን ስትሰማ «አሁን ደግሞ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር አጣላኸን» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትጨነቅ ሰነበተች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሚስተር ኮልቤክ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። «ልክ ነህ። ግባ» አሏቸው። ሌላ አልጨመሩም።

አባባ ዓመት ሙሉ ተማሩ። ገመዱ መዳፋቸውን ሲልጠው እማዬ ቅቤ ትቀባላቸዋለች፤ ጠዋት በዚያው መዳፍ ያልባሉ። በዓመቱ ለፋሲካ ስድስተኛው ደዋይ ሆነው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ በመንደሯ መንገድ ስንሄድ ሰው ባርኔጣውን ነካ ያደርግላቸው ነበር። ሚስተር ኮልቤክ ደግሞ የአባባን ስም ሳያሳጥሩ ለመጥራት ወር ሙሉ ተለማመዱ፤ እንጨት ሲልጉ «ገ-ብ-ረ-መ-ድ-ህ-ን» እያሉ በመንገድ ሳልፍ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጥር 10 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት ነው። ያን ዓመት የወረደው በረዶ የድንጋይ አጥሮቹን ዋጥ አድርጎ መንገድና ማሳ እንዳይለይ አድርጎት ነበር። እማዬን ከጠዋቱ ምጥ ያዛት። እኔ አስር ዓመቴ ነው። ሚስስ ሆርነር ከሱቃቸው ስልክ ለአዋላጇ ነርስ ደወሉና እማዬ ጋር ሆኑ። እኔን ውሃ አስጥደውኝ ወጥ ቤት አስቀመጡኝ። አባባ ወጡ፣ ገቡ፣ ደግመው ወጡ፤ ከዚያ አልተመለሱም። ብዙም ሳይቆይ ደወል ሰማሁ። እኔ ስለ ከተራ የሚደወል መሰለኝ፤ አባባ በዓላችንን በእነሱ ደወል የሚያከብሩ መሰለኝና ደስ አለኝ። እማዬም እንደዚያው ነው የመሰላት። በምጡ መካከል «አባትሽ የት ሄደ?» አለችኝ። «ደወል ቤት» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ እዚህ ስሞት እሱ በዓል ያከብራል» አለች። አንተ ስታድግ እየሳቀች «ልጄ ሲወለድ ባሌ ደወል ይደውል ነበር» ስትል የሰማኸው ይህ ነው፤ ስትስቅም ነገሩ ከሆዷ እንዳልወጣ አንተም እኔም እናውቃለን።

ነርሷ ሲመሽ ገደማ ደረሰች። ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ተጋግሮ ነበር፤ ሚስተር አልደርሰን ደግፈዋት ነው የገባችው። ያንተ ከጭንቅላትህ ቀድሞ የመጣው እግርህ ነበር፣ አቡሽ። ሚስስ ሆርነር እጃቸውን አጣጥፈው እያለቀሱ ነበር፤ ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸዋል። ነርሷ እጇን በሞቀ ውሃ እየታጠበች ስለ ደወሉ እግዚአብሔር ይመስገን ስትል ሰምቻለሁ። የደወሉ ድምፅ ያማራት መስሎኝ አለፍኩት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ልቅሶህን ሰማሁ።

ሚስተር ኮልቤክ በአስራ ስድስተኛው ቀን ሞቱ። ሳንባቸውን ብርድ መቷቸው ነው ተባለ። አባባ ከቀብሩ በኋላ ለብዙ ቀን እህል በአግባቡ አልቀመሱም። ወዳጃቸው ስለነበሩ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ከዚያ በ1974 ዓ.ም. አያታችን «ልጄን ሳላይ አልሞትም» ብለው ሲልኩ ወደ አገር ቤት ተመለስን። ሃስከርቢም በቤታችን የማይነሳ ስም ሆነ።

ለአባባ አርባ ቀን መጥቼ ስመለስ የአድራሻ ደብተራቸውን ለመታሰቢያ ብዬ ይዤ ነበር። እዚህ ሆኜ ሳገላብጥ አንድ የእንግሊዝ አድራሻ አገኘሁ፤ ዶሮቲ ኮልቤክ፣ ሃስከርቢ። የሚስተር ኮልቤክ ልጅ ናቸው። የአባባን ማረፍ ጽፌ ላክሁላቸው። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ «አባትሽ ለእኔ የጻፉልኝ ብዙ ነገር አለ። እግርሽ ከቻለ ነይ።»

በጥቅምት ሴሜስተሬን፣ የዓመት ዕረፍቴን ማለቴ ነው፣ ወስጄ ከሳሌም ጋር ሄድኩ። አውሮፕላን፣ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፤ አሁን በየቀኑ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ ሱቁ ተዘግቷል። የድንጋይ አጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው። አንዱን ሽማግሌ መንገድ ስጠይቅ አፌ ሳላስበው በዚያች መንደር አነጋገር ተናገረ፤ አርባ ሦስት ዓመት የት ተደብቆ እንደቆየ አላውቅም። ሳሌም ቆማ አየችኝና በስዊድንኛ «እማዬ፣ ማን ነሽ አንቺ?» ብላ ሳቀች።

ሚስ ዶሮቲ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አላገቡም፤ በዚያው በአባታቸው ቤት ይኖራሉ። እሳት ዳር አስቀመጡንና አንተ ስለተወለድክበት ቀን ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

ሚስተር አልደርሰን ነርሷን ለማምጣት በትራክተር ሄደው ነበር። ሲመለሱ ትራክተሩ ጉድጓድ ገብቶ ቀረ፤ በእግራቸው ጀመሩ፤ በውሽንፍሩ ግን የገዛ እጃቸውን ማየት አልቻሉም። አባባ ሰዓቱ ሲያልፍ መንገድ እንደጠፋቸው ገባቸው። ሮጠው ኮልቤክ ቤት መጡ፤ የደወል ቤቱ ቁልፍ እዚያ ነበር። «ቁልፉን ስጡኝ። ዓይናቸው ካላየ ጆሯቸው ይምራቸው» አሉ። ሚስተር ኮልቤክ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሱና ካፖርታቸውን ለበሱ። ልጃቸው «አባዬ፣ ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ብሎሃል እኮ» አሉ። ሽማግሌው «የአንድ ደወል ድምፅ ነፋስ ይበላዋል፤ ሁለት ይሻላል» ብለው ወጡ። አባባ ስለ ሽማግሌው የልብ ሕመም አያውቁም ነበር። ከስምንት ሰዓት ተኩል እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሁለቱ ያለ ዕረፍት ደወሉ። ነርሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ የደወሉን ድምፅ በግራዋ ስትሰማ ወደ ወንዙ እየሄዱ ነበር። ዞሩ። ድምፁን ይዘው መጡ።

አየህ አቡሽ። አባባ እማዬን ትተዋት አልሄዱም። ያን ሰዓት አንተንና እሷን በገመድ ይዘዋችሁ ነበር።

«አባቴ ሲሞቱ» አሉ ሚስ ዶሮቲ፣ «አባትሽ እዚህ በር ላይ መጥተው ቆሙ። መግባት አልቻሉም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው አሉኝ። እንደዚያ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አባቴ በአልጋቸው ሆነው ለጠያቂ ሁሉ ሲያወሩ የነበረው ያን ቀን ነው። ሃምሳ ዓመት ለሠርግና ለቀብር ደወልኩ፤ ሰው እንዲደርስ ብዬ የደወልኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው ይሉ ነበር። አባትሽ ግን ሊጽናኑ አልቻሉም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። ለባለቤቴ አትንገሯት፣ አራስ ናት፤ ልጁም በእኔ ምክንያት ሰው ሞተ እያለ አይደግ አሉ።»

አርባ ቤት ሰው ይህን ቃል ጠበቀ። ሚስስ ሆርነር እንኳ፣ እማዬ ጋር በየቀኑ እየተገናኙ፣ ሳህኑን እያመላለሱ፣ አልተነፈሱም። እኔ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች መንደር ምስጢር የሚያከብር ሰው አላየሁም።

ከዚያ ሚስ ዶሮቲ መሳቢያ ከፈቱ። በዓመት በዓመቱ የተደረደሩ አርባ ሦስት ደብዳቤዎች፣ ሁሉም በጥር የተጻፉ፣ በአባባ እጅ። ሁሉም ስለ አንተ ነው። ሌላ ወሬ የለባቸውም ማለት ይቻላል። ጥቂቱን ወደ አማርኛ መልሼልሃለሁ።

በ1978 ዓ.ም.፦ «ልጁ ትምህርት ቤት ገባ። በግራ እጁ ይጽፋል። መምህሩ ይከልከል አሉ፤ እኔ እምቢ አልኩ። እንደፈለገ ይጻፍ።»

በ1990 ዓ.ም.፦ «እኔ ሐኪም እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ እሱ መምህርነትን መረጠ። ተጣልተናል። ሦስት ወር ሆነው አያናግረኝም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

በ1994 ዓ.ም.፦ «ሳይነግሩኝ ሳይጠሩኝ ልጁ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሰማሁት። አንድ ተማሪ ሲሳሳት አልጮኸበትም፤ እስኪያገኘው ጠበቀው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አልነገርኩትም፤ አንቺ ግን እወቂልኝ።»

ይህን ሳነብ ሳሌም እጄን ያዘች። «እማዬ፣ ለአጎቴ ንገሪው» አለችኝ፤ በአማርኛ።

የመጨረሻው የአምናው ጥር፣ የ2017 ነው። ጽሕፈታቸው ይንቀጠቀጣል። «ልጁ አርባ ስድስት ዓመት ሞላው። ሐኪም ቤት ስሄድ ክንዴን ይዞ ይወስደኛል፤ እንዳልወድቅ እርምጃውን ያሳጥራል። ከእኔ ጋር ብዙ አያወራም፤ ዝምታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አባትሽ በሰጡት ዕድሜ የሚያሳፍር ነገር ሲሠራ አላየሁም። ስለ እሱ የምነግርሽ ሁሉ ደህና ነው።»

አርባ ሦስቱንም ፎቶ አንስቻቸዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርሱሃል። ዋናዎቹን ግን ሚስ ዶሮቲ ሊሰጡኝ ሲሉ አልተቀበልኩም፤ ለእሳቸው የተጻፉ ናቸው።

ለእማዬ አንተ ንገራት። እኔ ከዚህ በስልክ አልችልም፤ ደግሞም ከአንተ አፍ መስማት ይገባታል። ጠዋት በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ይሻላል፣ ያኔ ጆሮዋም ልቧም ክፍት ነው። ብታለቅስ ተዋት። ብትቆጣቸውም ተዋት፤ አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችው ቅሬታ ነው፣ በአንድ ቀን አይሄድም።

ከሃስከርቢ ስንወጣ ሚስ ዶሮቲ እስከ አውቶቡሱ ሸኙን። «በጥር የፖስታ ሳጥኔን መክፈት ልማድ ሆኖብኛል፤ አሁን ስለ ልጁ ማን ይነግረኛል?» አሉኝ። እኔ አልኩ፦ ልጁ መጻፍ ያውቃል። አድራሻቸውን ከታች ጽፌልሃለሁ። እንግሊዝኛህ ከአባባ ይሻላል፤ በግራ እጅህ ጻፈው።

ለእማዬ ጉልበቷን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኢየሩሳሌምን «አባባን ስላስታመምሽ እግዜር ይስጥሽ» በልልኝ፤ ያኔ በአግባቡ አላመሰገንኳትም። አዶናይን ለሒሳብ ፈተናው በርታ በለው። ዮናታንን ግንባሩን ሳምልኝ፤ እሱም በግራ እጁ እንደሚጽፍ ሰምቻለሁ፣ ማንም እንዳይከለክለው። ሳሌም ሁላችሁንም በስዊድንኛ ሰላም ብላለች፤ ከታች በአማርኛ ፊደል የተሞነጫጨረው ስምህ የእሷ እጅ ነው።

እህትህ ለምለም ገብረመድህን
ሮግስቬድ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.